በቀይ አፋፍ ብረት ምክንያት እሳት ተከለከልኩ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አባይነህ፤

እንደምን ከረምክ? ቆላው እንዴት ይዞሃል? ወባው ዘንድሮስ ራርቶልሃል ወይ? ባለቤትህ እትዬ ውባየሁ ወገቧን ተሻላት? ልጅህ የምሥራችም ትምህርት ቤት ገባች ሲሉኝ፣ መልኳን ሳላውቀው ደስ አለኝ። እኔን ከጠየቅኸኝ በአካሌ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አባታችን የተሳፈረበት የጭነት መኪና ከቀይ አፋፍ ኩርባ ገደል ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አንተ ያን ገደል እያየሁ አላርስም ብለህ ወደ መተማ ወረድክ። እኔ ግን ውሃ ስቀዳም ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም የማልፈው በዚያው ነው። ስለዚህ አስፋልቱ መጥቶ፣ ባለፈው ጥር በአፋፉ ላይ መኪና ገደል እንዳይገባ የሚያግድ፣ ወገብ የሚደርስ ብረት ሲተክሉ ቆሜ አለቀስኩ። ከሠራተኞቹ አንዱማ መሬቷ ተወስዶባት ነው ብሎ አዘነልኝ።

ብረቱ እንከን አለው፤ የጎረቤቶቻችንን እውነት አልክድም። ከመንደራችን ወደ ጓሳ የሚያወጣውን የእግር መንገድ ቆርጦታል። መሐንዲሶቹ የተዉት መተላለፊያ ለሰውና ለበግ ይበቃል እንጂ ሣር የተጫነ አህያ አያሳልፍም። መጋቢት ላይ፣ ስንት ዓመት ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሣር ለአጨዳ ሲከፈት፣ ጎረቤታችን ገብረየሱስ ቡሎኑን ፈትቶ አንዱን ብረት አወረደው። እንደ በረት መዝጊያ ጠዋት ከፍቶ ማታ መመለስ መስሎት ነው። ማታ አልመለሰውም፤ በማግስቱም አልመለሰው። ክፍት የሆነው ደግሞ አባታችን የወደቀበት ቦታ ነው። ሦስት ጊዜ ለመንኩት። ቤታችንን ከድነን እንጨርስና እንመልሰዋለን፣ ምን አስቸኮለሽ አለኝ። በአራተኛው ቀን መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ መሐል ሜዳ ከተማ ሄድኩና ለመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ተናገርኩ።

ብረቱን መለሱት። ገብረየሱስን ግን ፖሊስ ወስዶ ሦስት ቀን አሰረው። ይህን አላሰብኩም ነበር፤ ማርያምን፣ አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ዕድሩ ተሰብስቦ እሳት ከለከለኝ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ማንም ከእኔ ቤት እሳት አይጭርም፣ እኔም ከማንም ቤት አልጭርም፣ ሰላምታም የለም። ለብረት ብላ ሰው አሳሰረች ተባልኩ። የበልጉን ገብስ ያለ ደቦ ብቻዬን አጨድኩት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኔ ግን ዘመዴ ሩቅ፣ ጎረቤቴም አጠገቤ እያለ የለም። አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ስል በጎቹን እሰድባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጉሙ እጅ እንኳን አያሳይም ነበር። ከገበያ የሚመለስ ሚኒባስ በዝናቡ ተንሸራቶ ብረቱ ላይ ተላተመ፤ ጩኸቱ እቤቴ ድረስ ተሰማኝ። በሩጫ ስደርስ ብረቱ ጎብጦ መኪናውን ይዞታል። ሰው ሁሉ በደህና ወረደ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የገብረየሱስ ሚስት ዘነቡ ነበረች። ወደ ገደሉ አየች፤ ወደ እኔም አየች፤ ከዚያ እንቅቧን አንስታ ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። ከእስከዛሬው ሁሉ የዚያን ቀኑ ዝምታ ከበደኝ።

ትናንት ጠዋት ገል ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። መስታወት፣ እሳት አለሽ ወይ? አለችኝ። የእሷ ቤት ጭስ ከጣራው ሲወጣ ይታየኛል። የእኔ ምድጃ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ለአንድ ነፍስ ብዬ ፍም ማዳፈን ከተውኩ ሰንብቻለሁ። ግቢ፣ አሁን አነድልሻለሁ ብዬ ክብሪት ጫርኩ። ክረምት ነውና ኩበቱ እርጥብ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ዘነቡ መደቡ ላይ ተቀምጣ ስለ ገብሱ ጠየቀችኝ፣ ስለ አንተም ጠየቀችኝ። እኔ እፍ እፍ እያልኩ፣ እሳቱ ቶሎ እንዳይያያዝ እግዚአብሔርን ለመንኩት።

እትዬ ውባየሁን ከባድ እንዳታነሳ ንገርልኝ። የምሥራችን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አክስት እንዳላትም ንገራት። ዘነቡም ሰላም በይልኝ ብላለች። ከመጋቢት ወዲህ ከሠፈር ሰው የላኩልህ ሰላምታ ይህ ብቻ ነው፤ ተቀበለኝ።

እህትህ መስታወት
ቀይ አፋፍ፣ መንዝ
ሐምሌ 17 ቀን 2005 ዓ.ም.