የዘነቡ መንጋጋ

አቦቦ፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዘነቡ ዛሬም ክሊኒክ መጣች። ከወሎ የመጣች ሰፋሪ ናት። መንጋጋዋን ካመማት ወራት አልፈዋል፤ አፏን ከፍታ መጉረስ አቅቷታል። ባለፈው ሁለት ጥርሶቿን ነቅዬላት ነበር። ጤነኞች ነበሩ። ዝም ብዬ ከምሸኛት ብዬ ነቀልኳቸው፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም።

ዛሬ ገና "መቼ ጀመረሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ልጄን መንገድ ላይ የቀበርን ለታ ነው" አለችኝ። "መኪናው አይጠብቅም ተባለ፤ ሳላለቅስ ተሳፈርኩ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አሁንም ተኝቼ ጥርሴን አፋጫለሁ አሉ፤ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል።"

ጉንጯን ስዳስሰው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሙቅ ውሃ ውስጥ የነከርኩትን ጨርቅ ጉንጯ ላይ ያዝኩላት። ያኔ አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች።

"እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ ቀለል አለኝ" ብላኝ ሄደች። ድሬሰር እንጂ ሐኪም አይደለሁም አላልኳትም። ስለ ጥርሶቿም ምንም አልተነፈስኩም።

ከሥራ ስወጣ የሰፈራው ካድሬ አገኘኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ እሷ ሲጠይቀኝ "ምንም የለባትም፣ ከእርሻ ለመቅረት ነው" ብዬው ነበር።

"ያቺ ሰበበኛ ዛሬም መጣች?" አለኝ።

ፈገግ ብዬለት አለፍኩ። "ተሳስቼ ነው፣ ሴትዮዋ ታማለች" ማለት ምን ይከብድ ነበር?