በሬ የጠየቀ የለም

ሰኞ

ከነወንበራቸው መጡ! የከብት ገበያ ቁጥጥር ቡድን ዛሬ በይፋ ከእኛ ከእንስሳት ክትባት ቡድን ጋር ተዋሃደ። ክፍሉ አንድ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም የሚከፈተው በቡጢ። ሾፌራቸው ተሾመ ገና ሳንተዋወቅ “እኔ የክትባት ሾፌር አይደለሁም” አለን። እንኳን ደህና መጣህ!

አዲሱ አለቃችን አቶ መላኩ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተመደቡ ናቸው። እስከ ምሳ ሰበሰቡን። ፍሬ ነገሩ፦ ከእንግዲህ ወደ ቀበሌ የሚደወል ስልክ ሁሉ በእሳቸው በኩል ብቻ ነው። ሶማሊኛ አይችሉም። እስከ ዛሬ የምትደውለው ሶማሊኛ ተናጋሪዋ ባልደረባችን ሆዳን ነበረች፤ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ።

ሳቁስ ይቅር። የቀብሪበያ ፍየሎች በዚህ ሳምንት ካልተከተቡ ጉድ ፈላ። ደስታ መሰል የሚሉት በሽታ ወዲያ ማዶ ታይቷል። ስሙ ነው እንጂ ምኑም ደስታ የለው፤ የገባበትን መንጋ ይጨርሳል። አርብቶ አደሮቹ ደግሞ ዓርብ ለግጦሽ ይነሳሉ። ለሽማግሌያቸው ለሀጂ ዑመር “ሳትነሱ እንደርሳለን” ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

አቶ መላኩ በራቸውን ዘግተው ለሀጂ ዑመር ደወሉ። ሲወጡ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

“የቀብሪበያ ክትባት ተሰርዟል! እኛ በነፃ ልንከትብ፣ ሰውየው በሬ! በሬ! እያሉ ይጮሁብኛል። ጉቦ መሆኑ ነው?”

ሀጂ ዑመር? የሻይ እንክፈል ስንላቸው የሚቆጡን ሰው? አላመንኩም። ሆዳን ልጇን ሐኪም ቤት ወስዳ ስለነበር የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ለሆዳን ነገርኳት። “ወላሂ፣ ሀጂ እንዲህ አይሉም!” አለች። ግን መደወል ክልክል ነው። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ “ሰላም ማለት ሥራ አይደለም፣ አይደል?” ብላ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆማ ደወለች።

የሶማሌ ሰላምታ ደግሞ እንደኛ በ“ደህና ነህ?” አያልቅም። “ኢስከ ወረን” ይባላል፤ ወሬህን ንገረኝ እንደማለት ነው። ዝናቡ፣ ግመሉ፣ ቤተሰቡ ተራ በተራ ይጠየቃል። ሀጂም ወሬያቸውን ነገሯት፦ ከማለዳ ጀምሮ ፍየሎቹን የውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ሰብስበው እኛን እየጠበቁ ነው!

ሆዳን ግንዱን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሀጂ ትናንት ያሉት “በሪ! በሪ!” ነው። በሪ በሶማሊኛ ነገ ማለት ነው።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ሰዎቹ በእኛ ጥፋት ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ደሜ ፈላ። ሆዳን ሀጂን ለምና አንድ ሌሊት አስታገሰቻቸውና ተያይዘን አለቃ ቢሮ ገባን።

“አቶ መላኩ፣ በሬ የጠየቀ የለም” ብዬ ነገሩን ዘረገፍኩት።

እሳቸውም መልሰው፣ “ታዲያ ነገን ለምን በአማርኛ አይሉም?”

“የደወሉት እርስዎ ነዎት እኮ” አለች ሆዳን፣ ረጋ ብላ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እሺ፣ ነገ በስብሰባ እናየዋለን።”

“ነገ ካልተከተቡ ከነገ ወዲያ ፍየል የለም!” አልኩ። ጮኬ ኖሯል። በቃ፣ ዝውውር ወደ በረሃ ነው ብዬ ስጠብቅ የስምሪቱን ፈቃድ ፈረሙ!

ሐሙስ

ተሾመ ማንም ሳይጠራው መኪናውን አስነስቶ ጠበቀን። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። አቶ መላኩም ከነክራባታቸው ጋቢና ገቡ።

አቤት ፍየል! አቤት አቧራ! ለካ የገበያ ቁጥጥር ልጆቹ በፍየል አያያዝ ከእኛ ይበልጣሉ። እነሱ እየያዙ እኛ እየወጋን ሥራው ነጎደ። አንዷ ቀንዳም የአለቃችንን ክራባት ማኘክ ስትጀምር ከአፏ ያስለቀቁት ሀጂ ራሳቸው ናቸው። ስለ ስልኩ ማንም ምንም አላነሳም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በግመል ወተት የፈላ ሻይ ጠጡ።

ሁሉም ተከተቡ። ሁሉም! ወገቤ ተቆርጧል፣ ደስታዬ ግን ወሰን የለውም።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ስብሰባ፣ እንደ ልማዳችን። አቶ መላኩ የትናንቱ ሥራ “የውህደቱ ፍሬ” ነው አሉ። ተሾመ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ቀጣዩ ተራ የአዲጋላ አርብቶ አደሮች ነው። “እንግዲህ ለእነሱ መደወል አለብን” ብለው ስልካቸውን አወጡ። ስልኩን አዩ፣ እኛን አዩ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሆዳን ገፋ አደረጉት።

“አንቺ ደውዪ” አሏት። “እኔ አጠገብሽ ሆኜ አዳምጣለሁ።”

ሰኞ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆን? እንጃ። ሆዳን ግን ወሬ መጠየቅ ጀምራለች፤ ገና ግመሉ ላይ ናት፣ አለቃችንም ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።