ዐሥር ከሃያ

የካቲት 4

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። የመኝታ ቤቱን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ መጮኹን ተወ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። የድሮ ትምህርት ቤቴ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። እኔው ያስተማርኩት ልጅ... ክፍልፋይ ሲደምር የታችኛውንም ቁጥር አብሮ ይደምር የነበረው። አሁን ትምህርት ቤት ይመራል።

«ቲቸር፣ ይድረሱልን። አዲስ መስፈርት ወርዷል። መምህራኑ ግራ ገብቷቸዋል።»

የጠየቀኝ ዕቅዶቹን ከአዲሱ መስፈርት ጋር እንዳመሳክር፣ ክፍል ገብቼ መምህራኑን እንድታዘብ፣ እንድመክር ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ብቻ። ሳላስብበት እሺ አልኩ።

ሳላስብበት? ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስልክ ስጠብቅ አልነበረም እንዴ?

የካቲት 7

የመጀመሪያው ስብሰባ። የመምህራን ክፍሉ ጠረጴዛ ዛሬም ይወዛወዛል፤ ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። ምናልባት እኔ ያጠፍኩት ነው።

አዲሱ ነገር ይህ ነው፦ ሰባተኛ ክፍል አንድ ርዕስ ይይዛል፤ አራት መምህራን በየትምህርታቸው ያንኑ ያስተምራሉ። የዚህ መንፈቅ ርዕስ ውሃ ነው። ሳይንስ ይለካል፣ ሒሳብ ግራፍ ያወጣል፣ ቋንቋ ሪፖርት ያጽፋል፣ ኅብረተሰብ ካርታ ይሠራል። እያንዳንዱ ዕቅድ የትኛውን መስፈርት እንደሚያሟላ በቁጥር ማሳየት አለበት።

«ካርታው» ጥግ ላይ ተቀምጧል። የኅብረተሰብ መምህሩን ተማሪዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት፤ ምንም ሳያይ በሰሌዳ ላይ አገር ስለሚስል። ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች አስተምረናል። ማታ ማታ አብረን እየተጓዝን ወደ ቤት ገብተናል። በሰኔ ጡረታ ይወጣል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዙን ከምንጩ እስከ አፉ ብቻዬን ወስጄዋለሁ። አሁን ለአራት እንካፈለው ነው የምትሉኝ? በሬ ነው እንዴ?»

የሳይንሷ መምህርት፣ ገና ልጅ ናት፣ ሳትስቅ «ጋሼ፣ እርስዎ ቆዳውን ይውሰዱ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ቆይቶ ግን... አየሁት። የመስፈርቱን ወረቀት ሳያነብ ገልብጦ አስቀመጠው።

የካቲት 12

የካርታውን የዕቅድ ደብተር ተቀበልኩት። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ሁለት መስመር፦ «ወንዝ። ከምንጭ እስከ አፍ።» ከሥሩ በትንሹ፦ «ከደከማቸው ጎርፉን አውራላቸው።»

«ዓላማው የት አለ?» አልኩት።

«ዓላማውማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አርባ ሁለት ነው።»

«መስፈርቱስ?»

«አንቺ አለሽ አይደል፣ እመቤት ቀይ እስክሪብቶ።»

የካቲት 21

ሰንጠረዡን ጨረስኩ። የአራቱም መምህራን የድሮ ትምህርቶች አርባ ስድስት። እንዳለ የሚያልፍ ዐሥራ ዘጠኝ። የሚሻሻል ዐሥራ አምስት። የሚወድቅ ዐሥራ ሁለት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ከሚወድቁት ውስጥ ዘጠኙ የእሱ ናቸው።

ወረቀቱን ይዞ ረጅም ጊዜ አነበበ። «ጎርፉም ወደቀ?»

«ጎርፉም።»

ወረቀቱን በሥርዓት አጥፎ ኪሱ ከተተው። በመንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

መጋቢት 6

ካርታው አዲስ ዕቅድ ይዞ መጣ! ራሱ ያሰበው። ሰባት ባዶ የወተት ጣሳ በግቢው ሰባት ቦታ ያስቀምጣል። ልጆቹ በየጠዋቱ የገባውን ዝናብ በማስመሪያ ይለካሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ግራፍ ያወጣሉ፤ ከዚያ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ በግቢው ካርታ ላይ ይስላሉ። አራት ጊዜ መለስኩለት። አራት ጊዜ ጻፈው። በዚህ ዕድሜው። አራተኛው ላይ ስርዝ ድልዝ የለም።

አላሞገስኩትም። ለምን? «ከሦስተኛው ይሻላል» አልኩት ብቻ።

መጋቢት 18

ዛሬ ክፍሉ ገብቼ አየሁት። ሰባተኛ «ለ»፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ።

ልጆቹ ተጨቃጨቁ። አሸንዳው ሥር የተቀመጠው ጣሳ ከሌሎቹ እጥፍ ይዟል፤ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? አንዱ «ያጭበረብራል ያ ጣሳ!» ብሎ ተነሣ። ሌላው «ጣሳ ምን ያጭበረብራል፣ ያስቀመጥከው አንተ!» ግማሹ ክፍል ቆመ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዝም። ዝም ብሎ መጠበቅ ያውቅበታል። ከዚያ ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ፣ «ቲቸር፣ ወንዙ ውስጥ ያለው ውሃ የማን አገር ዝናብ ነው?» አለች።

የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩዋት። እኔም እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ነገር ግን ግራፉ መለኪያ አልተጻፈበትም። ክፍተቱ እኩል አይደለም። ዓላማው ሰሌዳ ላይ የለም። ማጠቃለያው ሳይደርስ ደወል ተደወለ። ያየሁትን መጻፍ አለብኝ። የምዘና ቅጹ አምስት ሳጥን አለው፣ እያንዳንዱ ከአራት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ዐሥር ከሃያ።

የመጀመሪያ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት፤ ለመጀመሪያው ሥራ ዝቅ አድርጌ እሰጣለሁ፣ ልጁ ይናደዳል፣ ሁለተኛውን ይዞልኝ ይመጣል። ከቁጥሩ በታች ዐሥራ አንድ መስመር ጻፍኩለት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅ ልብ የሚያወጣ መምህር በሕይወቴ ሁለት ብቻ አይቻለሁ ብዬ። ልጄን እሱ ቢያስተምርልኝ እወድ ነበር ብዬ። ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ወጣሁ።

በመንገድ ላይ፣ «ስንት ሰጠሽኝ?»

«ስታሻሽለው እነግርሃለሁ።»

«አቤት! እኔን በዚህ ዕድሜዬ ልታሳድጊ!» እስከ መታጠፊያው ድረስ ሳቀ።

መጋቢት 27

ምክትሉ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘጋ።

ውጤቶቹ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተልከዋል። ከዐሥራ ሁለት በታች ያገኘ ሥልጠና እስኪወስድ ክፍል አይገባም። ሥልጠናው በክረምት ነው። ካርታው ከሰኞ ጀምሮ መጻሕፍት ማከማቻ።

«የጻፍኩትስ? ዐሥራ አንድ መስመር...»

«ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው።»

«ልለውጠው።»

«ተልኳል።»

«እንደገና ልየው።»

«ሁለተኛ ዙር በሚመጣው ዓመት ነው።»

በሚመጣው ዓመት እሱ የለም።

ቅጹን አሳየኝ አልኩት። ከግርጌ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «ይህ ውጤት የመጨረሻ ነው።» እዚያው ነበር። እጄ ሥር። መመሪያ ሳታነቡ እርሳስ እንዳታነሡ እያልኩ ሠላሳ አራት ዓመት ልጅ የቀጣሁ ሰው...

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ጮኼበት ይሆናል።

ዓይኑን ሰበረ። «እርስዎን የጠራሁት እኮ ለእሳቸው ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢልኩ ይጥላቸዋል፤ እርስዎ ግን ዐሥራ ሁለት አያሳጧቸውም ብዬ።»

«ታዲያ ብትነግረኝስ?»

«ብነግርዎት ይሰጡት ነበር?»

ተነሥቼ ወጣሁ።

መጋቢት 28

አልሄድኩም።

ሚያዝያ 2

ልጄ መጣች። ነገርኳት። ኮምፒውተሩን ረገምኩ፣ ጽሕፈት ቤቱን ረገምኩ። ሻይዋን እያማሰለች ሰማችኝ።

«እማ፣ ስድስት ዓመቴ ላይ ቤታችንን ስዬ ሳሳይሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«አላስታውስም።»

«በሩ ከመስኮቱ ያንሳል አልሽኝ።»

«ያንስ ነበር?»

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች። ብርጭቆዋን አጥባ፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ካርታው እስካሁን የሚያውቀው «ከላይ የመጣ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ያወረደበት የእኔ ቁጥር መሆኑን አያውቅም። ልንገረው? ብተወውስ? ሁለት ወር ነው የቀረው... ቢሰማ ከእኔ ይስማ።

ሚያዝያ 5

ነገርኩት።

ማከማቻው ረጅምና ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ እስከ ጣሪያ መደርደሪያ። ካርታው የድሮዎቹን መጻሕፍት «አገልግሎቱ ያበቃ» የሚል ማኅተም እየመታባቸው ነበር። ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ክፍል እንደሚገባ ሰው።

ከክፍል ያስወጣህ እኔ የሰጠሁህ ቁጥር ነው አልኩት። ማኅተሙን አየር ላይ ይዞ ቀረ።

«ስንት?»

«ዐሥር። ከሃያ።»

«ካንቺ እጅ ዐሥር... ጥሩ ነው እኮ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም። «ልጆቹ እየጠየቁ ነበር። የዚያችን ልጅ ጥያቄ ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ጽፌዋለሁም። ከሥሩ ዐሥራ አንድ መስመር...»

«ለማን?»

ከክምሩ አንድ መጽሐፍ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ጓደኛዬ አታዳላም እያልኩ ለሰው ስኮራብሽ ነው የኖርኩት» አለ። «እንግዲህ አላዳላሽም።» ማኅተሙን መታ። ሌላ መጽሐፍ ሳበ። መታ።

በሩ ላይ ጠበቅኩት። በጓሮው በር ወጥቷል።

ሚያዝያ 19

ለሰባተኛ «ለ» ምትክ አልተገኘም። ልጆቹ ሦስት ሳምንት ያለ መምህር። ምክትሉ ይግቡላቸው አለኝ። እምቢ አልኩ። የሳይንሷ መምህርት ተከትላኝ ወጣች፤ «ጋሼን ይጠይቋቸው» አለችኝ። በምን ፊቴ? ግን ሄድኩ።

ቀና ብሎም አላየኝ። «ግቢ። ልጆቹ ምን አጠፉ?» አለ።

ግንቦት 3

ማንም ሳያዝዛቸው ጣሳዎቹን ይለካሉ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሚሊ ሜትር። የአሸንዳውን ጣሳ ለብቻው ዓምድ ሠርተውለታል።

መለኪያ እንዲጽፉ አስተማርኳቸው። ክፍተቱን እኩል እንዲያደርጉ። ሁሉም ይጽፋሉ። ያቺ የኋላዋ ልጅ ደብተሯ እንከን የለውም። ጥያቄ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «የለኝም ቲቸር» አለች።

ግንቦት 10

እኔም ታየሁ። ክፍል የገባ ሁሉ ይታያል፤ ምክትሉ ራሱ ከኋላ ተቀመጠ። ዓላማው ሰሌዳ ላይ። መስፈርቱ በቁጥር። ማጠቃለያው ከደወሉ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ አለቀ። ቅጹን እዚያው ሞልቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት።

አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድም ልጅ አልጠየቀም። ቅጹ ለዚያ ሳጥን የለውም።

ማከማቻው ጋ ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ካርታው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጽሐፍ ያስራል። ከሚያዝያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ላልፍ ስል፣ «ታየሽ አሉ» አለ።

«አዎ።»

«ስንት አገኘሽ?»

ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የአንድ ልጅ ግማሽ ነጥብ እንኳ ቀንሼም ጨምሬም አላውቅም።

«ዐሥር» አልኩት።

ገመዱን ለቀቀው። መነጽሩን አውርዶ አየኝ። «ዐሥር? ላንቺ?»

«ከሃያ።»

«አይ ያ ልጅ! ጨካኝ! ደግሞ ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ ያስተማረው?» ሳቀ። ያ የድሮው፣ ትከሻውን የሚያነቃንቀው ሳቅ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔን እስካብስ።

ኮቱን አነሣ። በዋናው በር ወጣን። ስለ እኔ ዐሥር እየቀለደ እስከ መታጠፊያው ሄድን። «አይዞሽ፣ ታሻሽያለሽ» አለኝ ሲለየኝ።

የሁሉም ውጤት ሰኞ የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያነበዋል። ስነግረውም አውቅ ነበር።

ዛሬ ዓርብ ነው።