ስለ ሁለተኛው ፊርማና ስለ እማማ ጼና ማሞቂያ

ለተከበሩ የአውራጃችን የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሙያ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ እንዲሁም ቢሮዎን በብርድ ወራት እንደ ዳቦ ቤት የሚያሞቀው መሣሪያ፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኦግኒያን ጼንኮቭ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለችው የዶልና ቬርባ መንደር ነዋሪ፣ ደኅና ነኝ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ራሴው ነገርኩዎት።

አንደኛ፦ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ፈቃድ ያላቸው ሁለት የአውራጃው ባለሙያዎች እንዲፈርሙልኝ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። አንዱን፣ ሙያውን ያስተማሩኝን፣ አሁን ግን አርጅተው ከብዕር በቀር መሣሪያ የማያነሱትን ጋሽ ሜቶዲን፣ ወዲያው አገኘሁ። ሁለተኛውን ግን ከዳኑብ ወዲህ አጣሁት፤ የቀሩት ሁሉ ጀርመን ገብተው የጀርመኖችን ቤት ያሞቃሉ። ይህንን ለጸሐፊዎ ባስረዳት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው ጋሼ፣ እርስዎ ፈቃዱን ሲያወጡ ሁለት ትሆኑ የለ» አለችኝ። በአውቶቡስ ስመለስ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሁለተኛ፦ ብርዱ ሲገባ የጎረቤቴ የእማማ ጼና ማሞቂያ ቆመ። በውስጡ እየዞረ ሙቀቱን የሚያመጣው ጋዝ ከቱቦው መጋጠሚያ ያፈተልካል። ያለፈቃድ ብነካው ዳግመኛ ማመልከት እንደማልችል ቢሮዎ በትሕትና አስጠንቅቆኝ ስለነበር፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ለማን እናገራለሁ? ንካውና እንገላገል» አሉኝ።

እምቢ አልኩ።

«እንግዲያው አንተ ቤት ነው የምከርመው» ብለው የሹራብ ክራቸውን ይዘው መጡ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጦ አያውቅም ነበር። እማማ ጼና የባቄላ ሾርባዬን «ይኼ የበሽተኛ ምግብ ነው» እያሉ ጨው ይጨምሩበታል፤ ሹራብ እየሠሩ ሙታኑንም ሕያዋኑንም ያማሉ። አንዳንድ ቀን ፈቃዱ ባይመጣ ብዬ መመኘቴን አልክድም።

ሦስተኛ፦ ልጃቸው ቦሪስላቭ ከሶፊያ መጣ። እናቱን በሰው ቤት ቢያገኝ አፈረና፣ «ማሞቂያ የሚጠግን ሰው በሌለበት አገር እናቴን አልተውም» አለ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ወደ ሶፊያ ይዟቸው ሲሄድ እማማ ጼና ቁልፋቸውን በመኪናው መስኮት ሰጡኝ። «አበቦቼን አጠጣልኝ» አሉ እንጂ እመለሳለሁ አላሉም።

አራተኛ፦ ፈቃዱ በሳምንቱ ደረሰኝ። ሁለተኛው ፊርማ እኔ ከማመልከቴ በፊት የቀረ ደንብ እንደሆነ፣ ይህም «በስሕተት ሳይነገረኝ» እንደቀረ አብሮ ተገልጾልኛል። ስለ ግልጽነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በዚያው ቀን ወደ እማማ ጼና ቤት ሄድኩ። መጋጠሚያውን ጠግኜ፣ ጋዙን ሞልቼ፣ ማሞቂያውን አስነሳሁትና ከነካፖርቴ ተቀመጥኩ። ቤቱ እየሞቀ ሲመጣ ካፖርቴን አወለቅኩ። «ሞቀ እኮ» አልኩ፤ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። አበቦቹን አጠጥቼ፣ ማሞቂያውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ለማይዘገየው አገልግሎትዎ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ፣
የአውራጃው ሁለተኛ ባለፈቃድ፣
ኦግኒያን ጼንኮቭ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቱ በሌለበት ቤት መሥራት እንደሚያስቀጣ ደንብዎን አንብቤ ተረድቻለሁ። ስለዚህ ጥፋቴን የሚመረምር ተቆጣጣሪ እንዲላክልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በምሳ ሰዓት ቢመጣ ይመረጣል፤ ከተቻለም ጥያቄ የሚያበዛ ይሁን።