የልብስ ሰፊዋ ካርድና የእኔ ቁጥር

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለባለ ቀይ እስክሪብቶዋ መምህርት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ክስ አለኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል፣ ስለ ጥርሴ ጠይቀሻል፣ ሲጢጥ ስለምትለው ወንበሬ ሳይቀር ጠይቀሻል። ስለ ጢሜ ግን አንዲት ቃል የለም! ሃያ ዓመት ሙሉ ያሳደግኩትን ጢም እንዲህ መርሳት ከአስተማሪ አይጠበቅም። እሱ ተቀይሟል፤ እኔ ግን ሆደ ሰፊ ስለሆንኩ ሰላምታዬን አልከለክልሽም። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ድምፅሽ ተመለሰ ወይስ አሁንም ተማሪዎችሽን በጭብጨባ ነው የምታስተምሪያቸው? እናትሽን ወገቧ እንዴት አድርጓታል? አባትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጢሜ ኩርፊያ በቀር ደህና ነኝ።

ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ሰሞኑን መሬት አልረገጥኩም። ሥራዬን «ቁጥር መቀባት» እያልሽ ስንት ጊዜ ቀልደሻል! እስቲ ዛሬ ቁጭ በይና ስሚኝ። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ሲጨርስ ካርዱ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል። እኛ የተጻፈውን አንብበን ለበሽታው ፊደልና ቁጥር እንሰጠዋለን። ከአፍ እስከ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧም እንደ ሰፈር የየቤቱ ቁጥር አለው። ቃር ስንል የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ነው፤ እሱ ኬ 21 ይባላል። ጎረቤቱ ኬ 22.0 ግን ሌላ ጉድ ነው። የቧንቧው የታችኛው በር አልከፈት ይልና የተዋጠው ሁሉ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሐኪሞቹ አካላዢያ ይሉታል። እኔ ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሽፋኑ የተገነጠለ የቁጥር መጽሐፍ ከሚጣል ወረቀት መሀል አንስቼ እንደ ተረት ደጋግሜ አንብቤው ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር ያንን በር የሚከፍት ሐኪም ለአንድ ሳምንት ብቻ ሊመጣ ነው ተባለ። በዝርዝሩ የገባ ይታከማል፣ ያልገባ ለከርሞ ይጠብቃል። አለቃችን ማኅተሙን በአንገቷ አንጠልጥላ ስለምትዞር እኛ ማኅተም ነው የምንላት፤ እሷ «ኬ 22.0 ያለባቸውን ካርዶች በሙሉ አውጣ፤ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል» አለችኝ። አስራ አንድ አገኘሁ። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ኪሴ ከትቼ እንደ ጌታ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

አግዳሚው ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ መሆኗን ያወቅኩት አንገቷ ላይ ከረሳችው ሜትር ነው። ከዳቦ ላይ የጥፍር ያህል ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ውሃ ተጎነጨች፤ ከዚያ ተነስታ ቆመች፤ አንገቷን እንደ ዶሮ ሰግጋ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔ ነገረኛው «እህቴ፣ ጸሎት ነው ስፖርት?» አልኳት። «ምሳ ነው ጋሼ» አለችኝ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ሕመሟ ምን እንደተባለ ጠየቅኳት። «ቃር ነው ብለውኝ ሁለት ዓመት ኪኒን ዋጥኩ፤ እሱም ቆሞ ይቀራል። ውሃ እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚወርደው» አለች። ቀሚሷን በጎን በጎኑ አራት ጊዜ አጥብባዋለች፤ ስፌቱ ይታያል።

ካርዷን ፈልጌ አወጣሁ። ኬ 21፣ ኬ 21፣ ኬ 21፤ በመጣች ቁጥር ያለፈው እየተገለበጠ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ቁጥር ሳየው የ21ዷ ሁለት እንደ ዳክዬ ጅራቷን ቀስራለች። እንደዚያ የሚጽፍ በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አጎትሽ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የጻፍኩት ነው። ሐኪሙ ያኔ «ቃር?» ብለው ጽፈው ነበር፤ ጥያቄ ምልክቷን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኳት። ጥያቄ በሽታ አይደለም፤ ቁጥር አይሰጠውም። ካርዱን እስከ መጨረሻው ሳገላብጥ ሁለት ወረቀቶች ተጣብቀዋል፤ በጥፍሬ አላቀቅኳቸው። ውስጥ ነጭ ፈሳሽ ጠጥታ የተነሳችው ራጅ ከነውጤቱ አለ፦ «የቧንቧው ጫፍ እንደ ወፍ ምንቃር ጠቧል፤ አካላዢያ ሊሆን ስለሚችል ይጣራ።» ወረቀቱ ሁለት ዓመት ተኝቷል። አንቺ ደብተር ስታርሚ ሽፋኑን ብቻ አይተሽ ማርክ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰጥቻለሁ።

ቁጥሩን ሰርዤ ብጽፈውስ? አይቻልም። እኛ የምንጽፈው ሐኪም የጻፈውን ብቻ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ካርዱን አቅፌ ያኔ ወዳዩዋት ሐኪም ሮጥኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ በመነጽራቸው አናት አዩኝና «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?» አሉኝ። «ሐኪም አልሆንኩም፤ ጥፋተኛ ሆኜ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ውጤቱን አነበቡ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩ፣ ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ! አልተነሳችም ብዬ እርግፍ አድርጌ ትቼው ነበር» አሉ። ልብስ ሰፊዋን አስጠርተው አነጋገሯት፣ መረመሯት፣ ያለ ጥያቄ ምልክት አካላዢያ ብለው ፈረሙ።

ክፍላችን ስደርስ ማኅተም ዝርዝሩን ፖስታ ውስጥ እየከተተች ነው። «ተዘግቷል» አለችኝ። ሲጢጥ የምትለዋን ወንበሬን ጎትቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። «የተሳሳተው ቁጥር የእኔ ነው፤ ጽፌ እፈርማለሁ» አልኳት። ጻፍኩ። አንብባ ቀና አለችና «አጅሬ፣ ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል» አለች። «ይድረሰኝ፤ ማኅተሙን ግን ደህና አድርገሽ ምቺበት» አልኳት። ሳቋን ዋጠችና አስራ ሁለተኛዋን በእጇ ጻፈች።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ልብስ ሰፊዋን አግዳሚው ላይ አገኘኋትና «ሁለት ዓመት ያስራብኩሽ እኔ ነኝ» ብዬ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የሱሪዎ ጠርዝ ተተርትሯል» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ይህቺ ቃል ከስድብ ሁሉ በለጠችብኝ። በሩ የተከፈተላት የዛሬ አስራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ነው። በማግስቱ ወደ ተኛችበት ክፍል ብሄድ ነርሷ «ዘመድ ነዎት?» አለችኝ። «የካርዷ ዘመድ ነኝ» ብላት እየሳቀች አባረረችኝ፤ ወደ ቤቷ መሄዷን ብቻ ነገረችኝ። ዋጠች ወይስ አልዋጠችም? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ካርዷ ይመጣ ይሆን እያልኩ በየቀኑ መደርደሪያውን አያለሁ።

ማስጠንቀቂያውስ መጣ፤ አብሮት ግን ሌላ ወረቀት መጣ። ከሰኞ ጀምሮ በክፍላችን ያለፈውን ቁጥር መገልበጥ ቀርቷል፤ ካርዱ ወረቀት በወረቀት ይገለጣል። ይህን ለሌሎቹ የሚያስተምረው ማን ይመስልሻል? ሰማሽ? እኔም መምህር ሆንኩልሽ! ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ቶሎ ጻፊልኝ። ጭብጨባ ሞክሬ እኔኑ አጨበጨቡልኝ።

ለእናትሽ፣ ለእታለሜ፣ ወገቧን በሁለት እጄ ደግፌ ሰላም እላታለሁ፤ ባልዲ ማንሳቱን ለአባትሽ ትተው። ለአባትሽ፣ ሳሉ ቢለቀውም እናንተ ዘንድ የተውኩትን ዋሽንቴን ሳይነካ እንዲቀመጥ ንገሪልኝ። መንታ ወንድሞችሽን ጆሯቸውን አንድ አንድ ጊዜ ቆንጥጪልኝ፤ የትኛው እንዳጠፋ ስለማላውቅ ሁለቱንም። ለአንቺ ደግሞ ጢሜ ይቅርታ አድርጎልሻል።

ከቤቴ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከሦስተኛው በር
ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ቆይ፣ ፖስታውን ልለጥፍ ስል በሩ ተንኳኳ። ዛሬ የምጠብቀው ሰው የለም። በመስኮቱ ሳይ አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች፤ ክርና መርፌ ይዛለች። «ጋሼ፣ ያንን ሱሪ አምጡት እንጂ!» ትላለች፤ ቃሉ ግን አልጠራልኝም፣ አፏ ሙሉ ነው። በአንድ እጇ ግማሽ ዳቦ ይዛለች።

ውሃ አልያዘችም።