የወሰኑ ድንጋይ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017፣ አሶሳ

የወሰናችንን ድንጋይ አያ ይመር እንዳልገፉት አውቅ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ አያ ይመር የላኳቸው ሽማግሌዎች የልጅ ልጄን ፋጡማን ለልጅ ልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። ልጄ ሰይድ ገና ሳይቀመጡ፣ «ለወሰን ገፊ ዘር የምሰጠው ልጅ የለኝም!» አላቸው።

አንዱ ሽማግሌ፣ «አንተ ሰይድ፣ ወሎ የቀረውን ድንጋይ አሶሳ ድረስ ተሸክመህ መጣህ?» አሉት። አልሳቀም። ፋጡማ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። እኔ ግን እንደ ድሮዬ ዝም አልኩ። አሁን በንዴት ነው የምጽፈው።

እኛም እነ አያ ይመርም በሰፈራ ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት በኖርንበት የወሎ ደጋ ላይ ውርጭ ሲጥል መሬቱ አብጦ ያድራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይረጥብና ትንሽ ወደ ቁልቁል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ማንም ያልነካቸው ድንጋዮች ከዓመት ዓመት ሲወርዱ አይቻለሁ። የአያ ይመር እርሻ ከላይ፣ የእኛ ከታች ነበር። የወሰኑ ድንጋይ ወደ እኛ ሲወርድ ሟቹ ባሌ «ይመር በሌሊት ገፋው» ብሎ ከሰሳቸው፤ አገሩም ሌባ አላቸው። እኔ ባሌን ፈርቼ አፌን ያዝኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ይኸው የውርጭ ነገር የተጻፈበትን የፋጡማን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ለሰይድ አሳየሁት። «እማ፣ አፈር እግር አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

ይህን ወረቀት ለእሱ ብሰጠው ቀዶ ይጥለዋል። የምልከው ለአያ ይመር ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፋጡማን የጠየቀው የልጅ ልጃቸው ያንብብላቸው።