ጅብ በላት ያልኳት ፍየል

ጥር 2፣ ዓርብ

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የድሮው ሞልቶ ጓዳ ካለው የመጽሐፍ ጆንያ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ሰነፍኩ እንጂ ያኔ መጀመር ነበረብኝ... ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን መጻፌ ጉራ አይደለም። ትንሽ ጉራ ነው።

የዓመት ፈቃዴ ተፈረመ። ዘሊካ ስትሰማ የምታጥበውን ልብስ ጥላ "ሐይቅ!" አለች። ስንጋባ ሐይቅ ወስጄ ባሕሩን ላሳያት ቃል ገብቼላት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ታዲያ ባሕሩ የት ይሄዳል?

ከሰዓት እማማ ረቢአ ዱዓ አደረጉ። የዘሊካ እናት ናቸው፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ለአገር፣ ከዚያ ለዝናብ፣ ከዚያ ለታመመ... መጨረሻ ላይ ጅቡ። "ያ ረቢ! ፍየሌን የበላ፣ ሆዱን ቁርጠት ይያዘው!" ቤቱ በሙሉ አሚን። እኔም አሚን። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየዓርቡ።

ፍየሏን ጅብ አልበላትም። "ሰንበቴ ወስደህ በበግ ለውጥልኝ" ብለው ሰጡኝ። ገበያው መሃል አቡበከር የሚባል የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ ተቀምጧል። አንድ ጆንያ ሙሉ መጽሐፍ! እጄ ገመዱን መቼ እንደሰጠው አላውቅም። ቤት ስገባ አፌ በራሱ "መንገድ ላይ ጅብ በላት" አለ። በቀትር! ማንም አልጠየቀኝም። ጆንያውን ከመሥሪያ ቤት የተወገደ ነው አልኩ። እውነቱን የሚያውቅ የድሮው ደብተሬ ብቻ ነው።

ሆዴን ቆረጠኝ። ዓርብ ዓርብ ይብሳል። ወጡ ይሆን?

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ጆንያው የለም።

"ዘሊካ፣ ጓዳ የነበረው ጆንያ?"

"ኅዳር ላይ ለልዋጩ ሰጠሁት። አይጥ ሊፈለፈልበት ነው እንዴ?"

"በምን ለወጥሽው?"

"በሳፋ።"

ሰማያዊው ሳፋ! እማማ ረቢአ ውዱእ የሚያደርጉበት፣ "በረካ ያለው ሳፋ" የሚሉት። ፍየሏ መጽሐፍ ሆነች፣ መጽሐፉ ሳፋ ሆነ። አማቴ ሁለት ወር ሙሉ እግራቸውን የሚያጥቡት በገዛ ፍየላቸው ነው።

ግን ደብተሩ... ደብተሩ! ስም የለበትም፣ ሌላው ሁሉ አለበት። ወሬው እማማ ረቢአ ጆሮ ቢደርስ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላዋ ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ። ዘሊካም ትከተላለች። ሳፋውም።

ልዋጩን መስጊድ በር ላይ ያዝኩት። ወረቀቱን ሰንበቴ ነው የማስረክበው አለ። ለማን? "አቡበከር ለሚባል ሰው።" ያ አላህ!

ጥር 4፣ እሑድ

"ዕረፍታችን በሰንበቴ ይጀምራል" አልኳቸው።

ዘሊካ፦ "ሐይቅ በሰሜን፣ ሰንበቴ በደቡብ። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ!"

ፍየል ስትል ዘለልኩ።

እማማ ረቢአን ጨው ተራ አስቀምጬ ወደ አቡበከር ሮጥኩ። ሩቅ ሆኖ አየኝ። "አካም ጅርታ ጋሼ! ፍየልህ እኮ መንታ ወለደችልኝ!" በአላህ ቀስ በል አልኩት። እልል ሊል ምንም አልቀረውም።

ደብተር? አዎ፣ ደርሶታል። ርዕስ ስላልነበረው ራሱ አወጣለት፣ "ፍየል የበላው ሰው"። እያከራየው ነው! "ሰው እየተጋፋበት ነው፣ ጋሼ። አሁን ጨፋ ሮቢት አንድ የማሽላ ነጋዴ ወስዶታል። ወረፋ ልያዝልህ?" መዝገብ አወጣ። አራተኛ ነኝ። በውሸት ስም ተመዘገብኩ። መዝገቡ ግን... የወሰደ፣ የመለሰ፣ ያበላሸ፣ ሁሉም በየዓምዱ። የኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ አይዝም።

እማማ ረቢአ ሲመለሱ "ምን ዓይነት ሰው ነው ከመጽሐፍ ነጋዴ ጋር የሚያንሾካሹክ?" አሉኝ።

ጥር 5

ሰው ደብተሬን ተጋፍቶ እያነበበ ነው። ደነገጥኩ። ትንሽ ደግሞ... ደስ አለኝ? አስተግፊሩላህ።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ጨፋ ሮቢት፣ ብቻዬን። ለዘሊካ የማሽላ ዋጋ ልጠይቅ ነው አልኳት።

ነጋዴውን አገኘሁት። ደብተሩን አንብቦ ጨርሶ ባቲ ልኮታል፣ ዙቤይዳ ለምትባል ባለሻይ ቤት። ወረፋዬስ? ስለ ወረፋ ሲሰማ ሳቀ።

"እንዴት ነው ግን፣ ጥሩ ነው?" አልኩት። ምን አስጠየቀኝ?

"ጅቡን ወድጄዋለሁ። ሰውየው ግን ጅል ነገር ነው።"

"ጅል አይደለም! መጽሐፍ ወዳድ ነው!"

"አንተን ምን አገባህ?"

"...አንብቤዋለሁ።"

"እንግዲያ ታውቃለህ፣ መጨረሻ የለውም። ለአማቱ ይነግራታል፣ አሁን ይነግራታል ስትል ደብተሩ ያልቃል። ወንድ ልጅ እንዲህ ይጽፋል?"

ማሽላውን ሳልጠይቅ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ተቃጠልኩ። መጨረሻ የለውም! ሕይወቴ መሆኑን በምን ይወቅ?

ጥር 8

ዘሊካ፦ "ሰንበቴ፣ ሮቢት፣ ደግሞ ባቲ ትላለህ። መጽሐፍ ነው ወይስ ሴት?"

"መጽሐፍ።"

"ሴት ብትሆን ይሻል ነበር። ቤት አታጣብብም።"

ጥር 12፣ ሰኞ

ሦስታችንም ባቲ። ከዚህ በቀጥታ ሐይቅ ብዬ ምያለሁ። እማማ ረቢአ ሳፋቸውን ይዘዋል። "እማ፣ ባሕር እያለ ሳፋ?" አለች ዘሊካ። "በማላውቀው ውሃ እግሬን አልከትም" አሉ።

ገበያው ጢም ብሏል፣ ግመሉ፣ ከብቱ፣ ሰዉ። የዙቤይዳን ሻይ ቤት ከሩቅ በሳቁ አወቅኩት። ገባሁ። ጀይሉ የሚባል የፍየል ደላላ በርጩማ ላይ ቆሞ የእኔን ደብተር ጮክ ብሎ ያነባል። ፍየል የሚያሻሽጥበት ድምፅ ነው፣ ከገበያው ዳር ይሰማል። ሻይ ያላዘዘ እንዲሰማ አይፈቀድለትም።

ልወጣ ዞርኩ። እማማ ረቢአ ከኋላዬ ገብተው ተቀምጠዋል። ሳፋው ጭናቸው ላይ። ሻይ አዘዋል።

"'ዛሬም ዱዓ ላይ ራሴን አስረገምኩ'" አለ ጀይሉ፣ "'ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ!'"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ረቢአ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይሄስ ከጅብም የባሰ ነው!" ይላሉ። ጉልበቴን እየመቱ! እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ያ ገጽ መጣ። "'ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ እንደ ሰው የምታይ ፍየል...'" እማማ ረቢአ ሻያቸውን አስቀመጡ። ከአፋቸው "ሬኤ ኮ" የሚል የሰማሁ መሰለኝ። ፍየሌ ማለት ነው። አይ፣ ጆሮዬ ነው... ወዲያው ሁለተኛ ሻይ አዘዙና ከፊተኛው ብሰው ሳቁ።

ሲያልቅ ዙቤይዳን ደብተሩን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። አሻፈረኝ አለች። ከማሽላ ነጋዴው በሻይ ቅጠል ለውጣ የራሷ አድርጋዋለች። (ወረፋዬን በላው! ሌባ!) ያን ጊዜ እማማ ረቢአ ተነሡ።

"በሳፋ ትለውጪኛለሽ?"

ጀይሉ ከበርጩማው ዘሎ ወረደ። የሁለቱን እጅ ያዘ፣ አጨባበጠ፣ "በርኩ! በርኩ!" ብሎ ልውውጡን መረቀ፣ ሳፋውን አንኳኳ፣ ደብተሩን እንደ ፍየል ጀርባ ዳሰሰ። አለቀ።

አማቴ ደብተሬን ገዙ። በፍየላቸው። ከነጠላቸው ሥር ሸጉጠው "ባሕሩ ዳር ታነብልኛለህ" አሉኝ።

ጥር 13፣ ደሴ

እማማ ረቢአ ሲሰግዱ ደብተሩን ሰርቄ ሽንት ቤት ገባሁ። አንባቢዎቼ ዳር ዳሩን ሞልተውታል! "ወጥ ጨው በዛበት" ያልኩበት ጋ በሰማያዊ፦ "ታዲያ አንተ አብስል።" "ሆዴን ቆረጠኝ" ያልኩበት ጋ፦ "ይበልህ።" "ልንገራቸው ይሆን?" ብዬ አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቄ ኖሯል። በየሥሩ መልስ አለ። "ንገራቸው።" "እንዳትሞክረው!" አንድ ሰው በእርሳስ፦ "እኔ የአማቴን ላም ነው። አብሽር።"

አንድ ሌላ ደግሞ አለ፣ አረንጓዴ። "ሐይቅ በሚቀጥለው ዓመት" ባልኩበት ሁሉ ሥር አንድ ቃል ብቻ፦ "እስቲ!" አረንጓዴ እስክሪብቶ... የአስቤዛ ዝርዝር የሚጻፍበት አረንጓዴ...

"ዘሊካ! አንብበሽዋል?"

"ከመስጠቴ በፊት።"

"የፍየሏንም?"

"የፍየሏንም።"

"ለምን ለእናትሽ አልነገርሽም?"

"ያንተ ሥራ ነዋ።"

"ለልዋጭስ ለምን ሰጠሽው?"

"ሳፋ ያስፈልገኝ ነበር።"

ጥር 14፣ ሐይቅ

ባሕሩ አለ። የትም አልሄደም። ዘሊካ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ጮኸች። ቀዘቀዛት፣ ሳቀች፣ እንደገና ገባች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ነው የከለከልኳት? ሆዴ ባባ።

እማማ ረቢአ ጥላ ሥር ተቀምጠው "አንብብ" አሉኝ። አነበብኩ። ያ ገጽ ሲደርስ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ።

"ዘለልክ።"

"ምኑን?"

"ባቲ ላይ እዚህ ጋ ፍየል ነበረች።"

ተመለስኩ። ጆሮዋን አነበብኩ፣ ግንባሯን አነበብኩ። "ጅብ በላት አልኩ" የሚለው ላይ ደብተሩን ዘጋሁት።

"እማማ... ሰውየው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። የገዛ ፍየሌን ጆሮ የማላውቅ መሰለህ?" አሉ፣ ባሕሩን እያዩ። "እኔን የቆረቆረኝ ፍየሏ አይደለችም። ዱዓዬ ላይ ተቀምጠህ ማላገጥህ ነው።"

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እያላገጥኩ አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። ግን ለእሳቸው ምን ልዩነት አለው? አፉ ይበሉኝ አልኩ። መልሱን ዓርብ እነግርሃለሁ አሉ።

ጥር 15

እማማ ረቢአ ዓሣ በሉ። አጥንቱን ሲለቅሙ እኔን ያዩኛል።

ጥር 16፣ ዓርብ

ባሕሩ ዳር ዱዓ። ለአገር፣ ለዝናብ፣ ለታመመ... እጄ ሆዴ ላይ ነው።

"ያ ረቢ! ፍየሌን የበላውን ሰው..." ቆም አሉ። ሆን ብለው ነው ቆም ያሉት! "...ዓይኑን ጠብቅለት። እኔ ማንበብ አልችልም። በየቀኑ ጮክ ብሎ እያነበበልኝ አኑረው።"

ዘሊካ "አሚን!" አለች። እኔ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ እማማ ረቢአ ከተማው ውስጥ ካለች አንዲት መጽሐፍ ቤት ይዘውኝ ገቡ። አንድ በአንድ ጀርባቸውን እየዳሰሱ ወፍራሙን መረጡ። ስለ ንብ እርባታ ነው። "ይሄ ሥጋ አለው" አሉ።

ጥር 18፣ እሑድ

ሰንበቴ። አቡበከር ሲያየን "ደብተሩ ከባቲ አልመለስ ብሎ ሰዉ ጨረሰኝ! ወረፋው ሰባት ደርሷል!" አለ። እማማ ረቢአ ከነጠላቸው ሥር አወጡት።

"እማማ! ምስጢሬ ነው!"

"ባቲ በሙሉ ሰምቶታል። ምኑ ነው ምስጢሩ?"

ለወጡት። ከፍየላቸው መንታ ልጆች በአንዷ። ግንባሯ ላይ ነጭ አለ። እናቲቱ እማማ ረቢአን ስታይ እየጮኸች መጣች። እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች።

ጥር 23፣ ዓርብ

ሥራ ገብቻለሁ። የንብ መጽሐፉ ምዕራፍ ሦስት ደርሷል፤ ንግሥቲቱን ወደዋታል፣ ወንዶቹን ንቀዋል። ግልገሏ የዚህን ደብተር ጠርዝ በላች። ዘሊካ እዚሁ ገጽ ላይ በአረንጓዴ "ይበልህ" ብላ ጽፋለች። አሁንማ በግልጽ ነው። (ይሄም ደብተር አንድ ቀን ሰንበቴ ከደረሰ፦ ወጡ ጨው የለበትም። ድሮ ነው።)

ፀሐይ ስትጠልቅ ከቦርከና ማዶ ጅብ ጮኸ። እማማ ረቢአ ንባቡን አስቆሙኝ። ግልገሏን አቅፈው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

"አፉ በለን፣ የኔ ልጅ" አሉት። "ሁለት ዓመት በሐሰት ረገምንህ። ይቺን ግን እንዳትነካ።"

"አሚን" አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ሆዴን አልቆረጠኝም።